ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ የኮምፒውተር የዘወትር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን መምህርት ላፕቶፓቸውን ታቅፈው መጡ። «የአስር ዓመት ፈተናዬ ፍላሹ ላይ ነበር፤ አሁን የለም። ሱቅ ብወስደው ፎርማት ይደረግ አሉኝ። እስቲ አንተ እየው፣ ልጄ» አሉኝ። ፈተናዎቹ አልጠፉም ነበር። ተደብቀው ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድም ሳይጎድል አገኘናቸው። የሱቁን ምክር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ግን በእርግጥም ይጠፉ ነበር።

ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት፣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም። ከዚህ በታች ሰዎች ደጋግመው የሚያመጡልኝን ችግሮች ከነምክንያታቸው ጽፌያለሁ። እንድትጭኗቸው የምመክራቸው ፕሮግራሞች በሙሉ ነፃ ናቸው፤ ክራክ ፍለጋ የሚያስኬድ የለም። ከየራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዷቸው።

«ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ»

ፎልደሮቹ በስማቸው ይታያሉ፤ ጥግ ላይ ግን ትንሽ ቀስት አለችባቸው። ወይም ፍላሹ ጭራሽ ባዶ ይመስላል። ከመደንገጣችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉ። ባዶ የሚመስለው ፍላሽ ብዙ ቦታ እንደተያዘበት ካሳየ ፋይሎቹ እዚያው አሉ።

ይህ የሾርትከት ቫይረስ ሥራ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በቦታው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩ ይከፈታል። ስለዚህ ምንም የተፈጠረ ነገር ያለ አይመስላችሁም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ሁላችንም ከምንመላለስበት ቦታ ነው፤ ፕሪንት ለማድረግ ፍላሽ ከምንሰጥበት ፎቶ ኮፒ ቤት። ባለቤቶቹም አያውቁትም። በቀን ስንት ፍላሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሰካ አስቡት።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ሾርትከቶቹን አትንኩ። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ፋይል ማሸጊያ ጫኑና የራሱን ፋይል ማኔጀር ክፈቱ። እሱ የተደበቀውንም ያልተደበቀውንም እኩል ያሳያል። እኔ ከማሸጊያነቱ በላይ የምወደው ለዚህ ነው። በእሱ በኩል ፍላሹ ውስጥ ስትገቡ እውነተኞቹን ፎልደሮች ታያላችሁ፤ አንዳንዴም ሁሉም ነገር ስም የለሽ በሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገኛል። የመምህርቷም እንደዚያ ነበር። ኮምፒውተራችሁ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩና የተደበቀውን ፎልደር ሳይሆን ውስጡ ያለውን ቅዱ። በአብዛኛው የሚደበቀው ላይኛው ፎልደር ብቻ ነው። ዶክመንት፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ውሰዱ። ስማቸው በቪቢኤስ፣ በኤልኤንኬ ወይም በኢኤክስኢ የሚያልቁትን እዚያው ተዋቸው።

የቀዳችሁት ሁሉ እንደሚከፈት አንድ በአንድ ካያችሁ በኋላ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። ፍላሹን እንጂ ኮምፒውተሩን አይደለም። ከዚያ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ አንድ ፋይል አስቀምጡበት። ሾርትከቱ ተመልሶ ከመጣ ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የዊንዶውስ የራሱ ፀረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ «ኦፍላይን ስካን» የሚል አማራጭ አለው። ኮምፒውተሩን ዘግቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ፍላሽ ለዩ፤ ሌላ ምንም አታስቀምጡበት።

ፍላሹ ቦታ እያለው ፊልሙን አልቀበልም ሲል

ይሄ አጭር ነው። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ፊልሙ 5 ጊጋ ነው፤ ግን «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላል። ፍላሹ የተዘጋጀበት ፋት 32 የሚባለው አሠራር ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም። ያለውን አውጡና ፎርማት ስታደርጉ «ኤክስፋት» የሚለውን ምረጡ። መጀመሪያ ግን ፍላሹን የት እንደምትሰኩት አስቡ። የቆዩ የመኪና ቴፖችና ቴሌቪዥኖች ኤክስፋት ላያነቡ ይችላሉ። ለመኪና ሙዚቃ ፋት 32ን አትንኩት።

አማርኛው ሲዘበራረቅ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው በዚህ ነው።

የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ዱሮ የተተየበ ነው። ፀሐፊው ዘንድሮ ሊያሻሽሉት ሲከፍቱት ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ መጣ። ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው እንደ አዲስ ሊያስተይቡት ነበር። አልተበላሸም። ዱሮ አማርኛ በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ ስላልነበረው ፎንት ሠሪዎቹ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነው ያስቀመጡት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። በዚያ ላይ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፊደሎቹን የደረደሩት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ የአንዱ ፎንት የሌላውን ጽሑፍ አያነብም። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚያገኙበት የጋራ አሠራር፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው።

ዝብርቅርቁ ላይ ክሊክ አድርጉና ወርድ ላይ የፎንት ስም የሚጻፍባትን ሳጥን እዩ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፎ ይቆያል። የጠፋው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ያንኑ ፎንት ፈልጋችሁ ራይት ክሊክ፣ «ኢንስቶል»። ጽሑፉ ወዲያው ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ ሌላ ፎንት አትምረጡበት፤ ያቺ የፎንት ስም ከጠፋች ፍለጋው ይከብዳል። ከተመለሰ በኋላ ለማንበብ አንድ ፒዲኤፍ አስቀሩ፣ ለሥራ ደግሞ በፊደል ቀያሪ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ከተቀየረ በኋላ እኔ መጀመሪያ የማየው እንደ ሏ እና ቧ ያሉትን ፊደላት፣ ድርብ ሰረዝንና ቁጥሮችን ነው።

በፊደል ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ከታዩ ችግሩ ሌላ ነው። ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የአማርኛ ፎንት የለውም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከራሱ የአማርኛ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ዛሬ ኢብሪማ አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላን ካጣችሁት «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ።

መተየቢያውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ኪይማን ነው። ስልክ ላይም ስላለ ጣቴ አንድ አሠራር ብቻ ይለምዳል። «ቴሌግራም ላይ አማርኛ ይጽፋል፣ ወርድ ላይ ሲሆን እንግሊዝኛ ይሆናል» የሚሉ ካሉ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ ቋንቋ እንዲይዝ ተደርጎ ይሆናል። በኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ ያንን ምርጫ አንሱት። ቋንቋ ለመቀያየር የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ መጫን ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው እንደ ችግር እንኳ የማይቆጥረው። ኤክሴል ላይ የ300 ሰው ስም ዝርዝር አላችሁ። «ፀሐይ» ብላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ የለችም ይላል። ወረድ ስትሉ በዓይናችሁ ታዩዋታላችሁ። «ጸሀይ» ተብላ ነው የተጻፈችው። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። ኃይሉ የሚለው ስም በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ቁጠሩት። በአጠራጣሪው ፊደል ፈንታ የእንግሊዝኛውን የጥያቄ ምልክት አስገቡ፤ «?ይሉ» ብላችሁ ስትፈልጉ ኤክሴል ሁሉንም ያመጣል። ወርድ ላይም ይሠራል፤ እዚያ ግን በቅድሚያ «ዩዝ ዋይልድካርድስ» የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል። መዝገብ ላይ «የለህም» ተብሎ ሰው እንዳይመለስ ይህን የዝርዝር ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ፊልሙ ይቆራረጣል

ለፊልም ከቪኤልሲ ሌላ አልመክርም። በ1996 የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ማስታወቂያ የለውም። ቪኤልሲ ኖሮም ግን ድምፁ እየሄደ ምስሉ የሚንቀራፈፍ ከሆነ «ቱልስ» ውስጥ «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱ። ኤች265 ወይም ኤችኢቪሲ ካለ ምክንያቱ ተገኘ። ይህ አጨማመቅ ፊልሙን በጣም ያሳንሰዋል፤ ፍላሽ ላይ ብዙ ፊልም እንዲገባ ስለሚረዳም ሰው ይወደዋል። ሲከፈት ግን ከባድ ነው። ከስድስተኛው ትውልድ በፊት ያሉ የኢንቴል ላፕቶፖች፣ ማለትም በአብዛኛው ከ2015 መጨረሻ በፊት የወጡት፣ በሙሉ አቅም የሚያግዘው ክፍል የላቸውም። ላፕቶፑ አልተበላሸም። ያንኑ ፊልም በኤች264 ፈልጉ፤ ካልተገኘ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ቀይሩትና ተኙ።

ድምፁና አፉ ካልገጠመ ጄ እና ኬ የሚሉትን ቁልፎች እየነካካችሁ አስተካክሉ። ሰብታይትሉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ጂ እና ኤች ናቸው። ሙዚቃው ጆሮ እየበጠሰ ንግግሩ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ ፊልሙ ለስድስት ስፒከር የተሠራ ነው፤ ንግግሩ የሚወጣው በመሀለኛው ነበር። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ኮምፕሬሰር» የሚለውን አብሩት።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ፤ ድረ ገጾችም እምቢ አሉ

መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ዴስክቶፑ ዓመቱን ይረሳል። ከዚያ ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ሰው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። ድረ ገጾች የሚያሳዩት ማረጋገጫ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ የእናንተ ኮምፒውተር ከዚያ ቀን ውጭ ከሆነ አይቀበለውም። መንስኤው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መሳይ ባትሪ ናት። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ፣ የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀይሯት።

ባትሪዋ ደህና ሆና ያው ችግር የገጠመኝ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ሠራተኛ ደብዳቤ ላይ ቀኑ እንዲመቸው ብሎ የኮምፒውተሩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ፤ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። የኮምፒውተሩን ቀን በፈረንጆቹ ተዉት። የእኛን የቀን መቁጠሪያ ከፈለጋችሁ ለብቻው መቀየሪያ ተጠቀሙ።

ፓኬጁ አለቀ፣ ዲስኩም ሞላ

በስልክ ሆትስፖት ከሆነ የምትጠቀሙት ዋይፋዩን «ሜተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት፤ ዊንዶውስ ትልልቅ ማሻሻያዎችን በፓኬጃችሁ ማውረዱን በአብዛኛው ያቆማል። ለሞላ ዲስክ ዊንዲርስታት የትኛው ፋይል ምን ያህል እንደያዘ በቀለም ስሎ ያሳያል። እኔ ባየኋቸው ላፕቶፖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቴሌግራም ነው የሚገኘው። በቅንብሩ ውስጥ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ገብታችሁ መጠኑን ገድቡ፤ የተላኩላችሁ ፋይሎች ደግሞ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ አይታችሁ አጥፉ።

«ያ የካርታ ጨዋታ የት ሄደ?»

ይህን የጠየቀኝ አጎቴ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከቡና በኋላ አንድ ሁለት ጨዋታ ይጫወታል። አዲስ ላፕቶፕ ስንገዛለት ሶሊቴር በማስታወቂያ መሀል ሆነበት። ጨዋታው ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ የድሮው ተነሳና ማስታወቂያ ባለው ተተካ። ፓይሶል የሚባለውን ጫንኩለት። ካርታው ብዙ ዓይነት ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

እሱ የሚወደው ፍሪሴል የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ነው። አልፈታ ሲለው ይበሳጫል። በዱሮው የዊንዶውስ ፍሪሴል ቁጥር ከተሰጣቸው 32,000 ድልድሎች ውስጥ የማይፈታው አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥር 11982። ሌላው ሁሉ መውጫ አለው። ስለዚህ ሲጣበቅ አዲስ ካርታ አይበትንም፤ ወደ ኋላ እየመለሰ ባዶ ሳጥኖቹን ቶሎ የሞላባትን ቦታ ይፈልጋል።

ማይንስዊፐር የሚባለውን የፈንጂ ጨዋታ የሚጫወቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሁለት ሳጥን ቀርቶ በግምት ሲሞቱ ያናድዳል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የድሮው ፈንጂውን ሲቀብር በሐሳብ ይፈታ አይፈታ አያጣራም ነበር። የሳይመን ታተም የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ያለው «ማይንስ» ግን ያጣራል። ግምት የሚጠይቅ ሜዳ አይሰጣችሁም። መጠኑ ትንሽ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ቀለል ብሎ ይሄዳል።