ነፍሳት አጥኚዎች ዘንድ ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከገጠር ሲመጣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ውስጡ የበቆሎ ቅጠልና ትል ነበር። "አሥራ ሁለት ናቸው፣ ቆጥሬ ነው ያስገባኋቸው" አለኝ። በማግስቱ አንድ የምርምር መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለሙያዋ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላብጣ አየችው። የቀሩት ሦስት ናቸው። ሁለቱ በቅጠሉ ላብ ጠቁረው ቀልጠዋል። ሦስተኛው ጭንቅላት የለውም።

"አባባ፣ እነዚህ አብረው ሲቀመጡ እርስ በርስ ይበላላሉ። ለየብቻ ቢያመጡልኝ ኖሮ እለይልዎት ነበር" አለችው።

ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዞ ነው የመጣው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ እንዴት እንደሚያመጣ ማንም አልነገረውም። ከዚያ ወዲህ እኔም ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ብዙም ተሳስቻለሁ። ነፍሳት አጥኚዎች ሊረዱን እየፈለጉ የማይችሉት፣ በአብዛኛው እኛ በምንሠራቸው ትንንሽ ስህተቶች የተነሳ ነው።

ናሙናውን አበላሽቶ መውሰድ

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ለምሳሌ በቆሎን የሚያጠፋውን መጤ ተምች የተባለ ትል እንይ። አፍሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በ2017 እኛም አገር ደረሰ። መታወቂያው ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ግንባሩ ላይ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ዋይ ተገልብጦ የተጻፈ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለ። ከጅራቱ ጫፍ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተደርድረዋል። እንግዲህ ጭንቅላቱ የተበላ ወይም በጣት የተጨፈለቀ ትል ግማሽ መታወቂያው ጠፍቷል ማለት ነው።

ትልን ለየብቻ፣ በትንንሽ ብልቃጥ ያዙ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል። ግን በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከከተታችሁት ይጠቁራል። መጀመሪያ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት፣ ከዚያ ወደ አልኮሉ። በተራ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ይበሰብሳል።

ቢራቢሮና የእሳት እራት ደግሞ ሌላ ናቸው። እርጥብ ነገር ፈጽሞ አይንካቸው። ክንፋቸው ላይ ያለው ዱቄት መሰል ነገር ቅርፊት ነው፤ ቀለሙና ምልክቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ወረቀት ያዙት።

ፎቶ ብቻ የምትልኩም ካላችሁ፣ ከላይ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጋችሁ አትተዉት። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አንሱ። አጠገቡም የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ሳንቲሙ ከሌለ መጠኑን በምን ያውቁታል?

የትና መቼ እንደተያዘ አለመጻፍ

እኔ በዚህ ጉዳይ ክርር እላለሁ። የትና መቼ እንደተያዘ ያልተጻፈበት ነፍሳት፣ የቱንም ያህል ቢያምር ለጥናት አይሆንም።

አጭር ወረቀት ቁረጡና በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙን አልኮሉ ያጥበዋል። ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ አብራችሁ ክተቱት። ውጭው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይወልቃል፤ ክዳን ላይ የተጻፈም ክዳን ሲቀያየር ይሳሳታል። የሚጻፈው ብዙ አይደለም። ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ የሚታወቅ የአካባቢ ስም፣ ከየትኛው ተክል ላይ እንደተያዘ፣ ቀኑና የያዘው ሰው ስም። "ቀበሌ 03" ብቻ አትበሉ። ቀበሌ 03 የሌለበት ከተማ የት አለ? ስልካችሁ ከፍታ የሚያሳይ ከሆነ እሱንም ጨምሩ። ከደጋ የመጣና ከቆላ የመጣ ትል ለአጥኚው እኩል አይነግሩትም።

ቀኑ ላይ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ልዩ ጣጣ አለብን። አንድ ሰው ብልቃጡ ላይ "12/1/2013" ብሎ ጻፈ እንበል። መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው? ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ? በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ። በአንደኛው ንባብ ናሙናው የተያዘው የበረሃ አንበጣው አገር ባጥለቀለቀበት ሰሞን ነው፤ በሌላኛው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ። ነፍሳት አጥኚዎች እርስ በርሳቸው ቀንና ወር እንዳይምታታባቸው ወሩን በሮማውያን ቁጥር የመጻፍ ልማድ አላቸው። ለኛ ቀላሉ መፍትሔ የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መለየት ነው።

መድኃኒት ረጭቶ ከዚያ መጠየቅ

አጎቴ በሁለተኛው ዓመት ስድስት ብልቃጥ ይዞ መጣ። ባለሙያዋ ባለፈው ጊዜ አገዳውንም ቆርጦ እንዲያመጣ ነግራው ስለነበር፣ ሁለት የበቆሎ አገዳም በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። አገዳውን በቢላ ሰነጠቀችው። ውስጡ ተቦርቡሮ፣ እርጥብ መጋዝ በሚመስል ኩስ ተሞልቶ፣ ትሉ እዚያው ተኝቷል። የአገዳ ቆርቁር ነው። ጎረቤቶቹ ተዋጥተው የገዙትን መድኃኒት ቢረጭ ኖሮ ቅጠሉን ያርስ ነበር እንጂ ትሉ ዘንድ አይደርስም።

እሷም ስለ አንድ ዘዴ ነገረችው። በበቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል ሐረግ ይዘራል፤ ሽታው የቆርቁሩን እናት የእሳት እራት ያባርራታል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ወደ ራሱ ይስባታል። ሐረጉ አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረምም ያዳክማል፤ ለከብትም መኖ ነው። ይህን ዘዴ ያወጡት ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ አጥኚዎችና አጋሮቻቸው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ። መርጨት ግድ ከሆነም ንብ አበባ ላይ በምትውልበት ሰዓት አይሁን፤ ቀፎ ያለውን ጎረቤታችሁንም ቀድማችሁ ንገሩት።

ነፍሳት ሁሉ ተባይ ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው የነፍሳት ምርምር ሲባል የመርጨት ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከል ሥራው ንብን ማብዛትና ማርን ማሻሻል ነው። ኢሲፔም በአገራችን ከወጣቶች ጋር በማርና በሐር ትል ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

እንኳን ንብ፣ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ እንኳ ሆን ተብሎ የሚራባበት ቦታ አለ። ቃሊቲ ላይ ለዚሁ ተብሎ ማዕከል ተቋቁሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዝንቦቹ ደም እየተመገቡ ይረባሉ፤ ወንዶቹ በጨረር መካን ይደረጉና ይለቀቃሉ። የዱሯ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ጋር የምትገናኘው አንዴ ብቻ ነው። መካኑን ካገኘች ዘር አትተካም። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ1997 ከቆላ ዝንብ ነፃ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው።

ሁሉንም ተቋም አንድ አድርጎ ማየት

አንዴ የጓሮ ጎመን ላይ የወጣ ቅማል ይዞ አንበጣ መከላከያ ልሂድ ያለኝ ጓደኛ አለኝ። አዲስ አበባ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመ፣ አውሮፕላን ይዞ ድንበር ተሻጋሪ ተባይ የሚከላከል የአገሮች ድርጅት ነው። ኢሲፔ ደግሞ የምርምር ማዕከል ነው፤ ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ እ.ኤ.አ. በ1970 መሠረቱት። የናይሮቢው ግቢ ዱዱቪል ይባላል፤ ዱዱ በስዋሂሊ ነፍሳት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥበቃ ማኅበር ደግሞ የባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ይሰበሰባሉ፣ ጥናት ያሳትማሉ። ለጎመኑ ቅማል የመጀመሪያው በር የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ነው። እሱ ያልቻለውን ወደ ወረዳና ወደ ምርምር ማዕከል ይመራላችኋል።

ሻንጣ ውስጥ ከቶ መሄድ

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ አገር ቤት ያያችሁትን ቢራቢሮ ለልጆቻችሁ ወይም ለዩኒቨርሲቲያችሁ ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትያዙ። የአገሪቱ ሀብት ነው፤ ለምርምር ማውጣት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይፈልጋል። በሕይወት ያለ ነፍሳት ከሆነማ የምትገቡበትም አገር ይጠይቃችኋል።

ዲግሪ የለኝም ብሎ መቅረት

ይሄኛው ያሳዝነኛል፤ ጎበዝ ጎበዝ አስተዋዮችን ያስቀራልና። የለንደኑ የነፍሳት ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1833 ተመሠረተ። በ1870 ፕሬዚዳንቱ የሆነው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ትምህርት ቤት ያቆመው በ14 ዓመቱ ነው። ከረዳቶቹ ጋር በእስያ ደሴቶች ዞሮ ከ80 ሺህ በላይ ጥንዚዛ ሰበሰበ። እያንዳንዱ ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ይጽፍ ነበር። የእስያና የአውስትራሊያ እንስሳት የሚለያዩበትን መስመር ያየው ያንን ይዞ ነው። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተ፣ በተለይ ለአማተሮች፣ ሙያቸው ሳይሆን ወደውት ለሚያጠኑ፣ የታሰበ ሌላ ማኅበርም አለ።

አጎቴ አራተኛ ክፍል ነው የተማረው። ከስድስቱ ብልቃጦች ሁለቱን ባለሙያዋ ለማዕከሉ ስብስብ አስቀረቻቸው። መሳቢያውን ከፍታ ስታሳየው መነጽሩን አውጥቶ አጎንብሶ አየ። በእርሳስ የጻፈው ወረቀት ብልቃጡ ውስጥ ቆሟል። "ሰኔ 19፣ ከበቆሎ አገዳ፣ ከሚካኤል ማዶ" ይላል። ከሥሩ ስሙ አለ።