«ስፒክ»ን ከወጣቶች ጋር ለማንበብ

ሎሪ ሃልስ አንደርሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን «ስፒክ» የተሰኘ ልብ ወለድ ከወጣቶች ጋር ለማንበብ ካሰቡ አስቀድመው ብቻዎን ይጨርሱት። መጽሐፉ የተደፈረች ተማሪን ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ ከአንባቢዎቹ መካከል ተመሳሳይ ጥቃት የደረሰባት ልትኖር ስለምትችል፣ የመጽሐፉን ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገርና ማንም ስለ ራሱ እንዲያወራ እንደማይገደድ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ውይይቱን ከጥቃቱ ሳይሆን ከዝምታው ይጀምሩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሜሊንዳ በአንድ ድግስ ላይ ተደፍራ ፖሊስ ስትጠራ፣ ጓደኞቿ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ያገሏታል፤ እርሷም ከንፈሯን እየነከሰች ቃል ያጥራታል። «ለምን ወዲያው አልተናገረችም?» የሚል ጥያቄ ከተነሳ፣ «ማን ጠየቃት?» ወደሚለው ይምሩት፤ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

ከዚያ ዛፉን ይከተሉ። በሥዕል ክፍል በዕጣ የደረሳት ቃል «ዛፍ» ነው፤ ዓመቱን ሙሉም እያበላሸች እንደገና ትጀምረዋለች። መጽሐፉ የተከፈለው በአራት የትምህርት ወቅቶች ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ዛፉ በየወቅቱ እንዴት እንደተለወጠ በማስታወሻ ቢይዙ፣ ማገገም አንድ እርምጃ ሄዶ ሁለት የሚመለስበት ጊዜ እንዳለው ያለ ስብከት ያዩታል።

መጨረሻውን በጥንቃቄ ያንብቡ። ጥቃት አድራሹ ዳግም ሲመጣባት ሜሊንዳ ትጮኻለች፤ መጮኽ ያልቻለች ልጅ ግን ምንም ጥፋት እንደሌለባት እዚያው ገጽ ላይ ቆመው ይናገሩ። ለብቻዋ ማነጋገር ለምትፈልግም የሚገኙበትን ቦታና ሰዓት አስቀድመው ያሳውቁ።