ቡናው ሳይቆላ ተናገሩ

ለሞርሞን (ለኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን) ሚሲዮናዊነት ልትወጡ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ነጭ ሸሚዙ፣ ክራባቱ፣ ደረት ላይ የምትለጠፈው ጥቁር የስም ባጅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መነሳቱ ይለመዳል። እኔን ያስቸገረኝ ቡና ነው።

ከ1833 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታወቀው «የጥበብ ቃል» በሚባለው የቤተ ክርስቲያናችን የጤና ሕግ መሠረት ቡናና ሻይ አንጠጣም። ለንደን ሳገለግል ከጓደኛዬ ጋር (ለብቻ መውጣት የሚባል ነገር የለም) አንዲት የሐበሻ እናት ቤት ገባን። አፍሬ ዝም አልኩ። ቡናው ተቆላ፣ ጭሱን አሸተትን፣ ተፈጨ፣ ፈላ። «አልጠጣም» ያልኩት ሲኒው እጄ ላይ ሲደርስ ነው። ፊታቸው ልውጥ አለ። «ምን ሆነ ቡናዬ?» ሲሉኝ ክው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ገና ጫማዬን ሳወልቅ፣ ምጣዱ ሳይጣድ እናገራለሁ፦ «እማማ፣ በሃይማኖቴ ቡናም ሻይም አይፈቀድልኝም። ዝንጅብል ቢያፈሉልኝ ግን ደስ ይለኛል።» ዋናው ነገር አማራጩን አብሮ መጥራት ነው። ባዶ እምቢታ ያስከፋል፤ ዝንጅብሉ ግን ጉድ ጉድ የሚሉበትን ነገር ይሰጣቸዋል። ፈንዲሻውን ደግሞ እንዳታልፉት፣ በደንብ ዝገኑ። ሌላ ቀጠሮ ከሌላችሁም እስከ በረካ ቁጭ በሉ።

ጓደኛችሁ ፈረንጅ ከሆነ ይሄን ሁሉ በር ሳታንኳኩ ንገሩት። የእኔው ጓደኛ፣ የአሜሪካው የዩታ ልጅ፣ ቶና ላይ ኮቱን አንስቶ ቆሞ ነበር።