አንድ ጽንስ አስገብቶ መንታ ማርገዝ፦ ቀኑን እንዴት እንቁጠር? ምንስ እንጠይቅ?

በአይቪኤፍ ሕክምና (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዳቅሎ ጽንሱ ወደ ማህፀን በሚገባበት) አንድ ጽንስ ብቻ ማስገባት መንታ የመውለድን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። አንዱ ጽንስ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በተፈጥሮ እርግዝና ይህ የሚሆነው ከ1,000 ወሊድ በ4 ገደማ ሲሆን፣ በአይቪኤፍ ግን ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2 ድረስ ይደርሳል። ከተዳቀለ በ5ኛው ቀን ወደ ማህፀን የሚተላለፍ ጽንስ (ብላስቶሲስት) በ3ኛው ቀን ከሚተላለፈው ይልቅ የመከፈል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ሲባል ብቻ ብላስቶሲስትን መተው ግን አይመከርም፤ ማህፀን ውስጥ የመያዝ ዕድሉ የተሻለ ነው። “መንታ ከፈለግን ሁለት እናስገባ” የሚለው ሐሳብ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢከፈል ሦስት ልጅ ይሆናል።

በረዶ ውስጥ የቆየ ጽንስ ሲተላለፍ ሰዓቱን የሚወስነው ማህፀንን ጽንስ ለመቀበል የሚያዘጋጀው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ነው። ኢስትሮጅን በተባለው ሌላ ሆርሞን የተዘጋጀው የማህፀን ሽፋን ብዙ ጊዜ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ፕሮጄስትሮን ይጀመራል፤ ብላስቶሲስት 5 ሙሉ ቀን ወስደው በ6ኛው ቀን፣ የ3 ቀን ጽንስ ደግሞ 3 ሙሉ ቀን ወስደው በ4ኛው ቀን ይገባል። እዚህ ላይ ስህተት የሚፈጠረው የመጀመሪያው ቀን “0” ነው ወይስ “1” በሚለው ቆጠራ ነው። የመጀመሪያውን መድኃኒት የወሰዱበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ። አሳልፈው ወይም ዘግይተው ከጀመሩ፣ ጽንሱ ከበረዶ ሳይወጣ ለክሊኒኩ ይደውሉ፤ ያኔ ቀጠሮውን ማሸጋገር ይቻላል፣ ከወጣ በኋላ ግን ያስቸግራል።

ዝውውሩ መድኃኒት በሌለበት የተፈጥሮ ዑደት ከሆነ፣ የራስዎ እንቁላልም በዚያው ወር ይወጣል። ኮንዶም ካልተጠቀሙ ወይም ከግንኙነት ካልታቀቡ ሌላ ጽንስ ሊጨመር ይችላል፤ እንዲህ ያሉት መንታዎች ተመሳሳይ አይደሉም።

የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ ከዝውውሩ ዕለት በ5ኛው ቀን ዝውውር 19፣ በ3ኛው ቀን ዝውውር 17 ቀን ወደኋላ ይቁጠሩ፤ የሚደርሱበት ቀን እንደ መጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ይቆጠራል። የ5 ቀን ጽንስ በገባ በ30ኛው ቀን እርግዝናው ልክ 7 ሳምንት ነው። የመውለጃ ቀን ከዝውውሩ 261 ቀን (ለ3 ቀን ጽንስ 263) በኋላ ይውላል። የእርግዝና ሆርሞን ምርመራ ውጤት ከፍ ማለቱ መንታን አያረጋግጥም። በ5ኛው ሳምንት አንድ ከረጢት መታየቱም መንታ የለም አያሰኝም፤ በ7ኛው ሳምንት አካባቢ ሁለት የልብ ምት ሊታይ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ “የእንግዴ ልጁ አንድ ነው ወይስ ሁለት?” የሚለው ነው። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከተከፈለ ለየራሳቸው የእንግዴ ልጅና ከረጢት፣ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ከተከፈለ የጋራ የእንግዴ ልጅና የተለያየ የሽርት ውሃ ከረጢት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ የእንግዴ ልጁም ከረጢቱም የጋራ ይሆናሉ። ስለዚህ ብላስቶሲስት ከገባ በኋላ የተከፈሉ መንታዎች ባብዛኛው የእንግዴ ልጅ ይጋራሉ። ይህ በግልጽ የሚለየው በ11ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል ነው፦ በመንታዎቹ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገናኝበት ሥሩ ወፍሮ ሦስት ማዕዘን ከሠራ ሁለት፣ ስስ እንደሆነ ቀጥ ብሎ ካረፈ አንድ ነው። ምስሉ ከመዝገብዎ ጋር እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ ጊዜው ካለፈ ሽፋኑ እየሳሳ መለየቱ ይከብዳል።

የእንግዴ ልጁ የጋራ ከሆነ ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። ከ100 እንዲህ ዓይነት እርግዝናዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ደም በጋራ ሥሮች ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ያደላል፤ በወቅቱ ከተደረሰበት በሌዘር ይታከማል። ሆድዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ካበጠና ከተወጠረ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይታዩ።