የዙፋን ሽኩቻ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋንታሲም ሆነ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ለሚፈጥረው ዓለም አይሰስትም። ካርታ ይሥላል፣ ቋንቋ ይፈጥራል፣ ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ይሰቅላል። ፖለቲካው ላይ ሲደርስ ግን አንድ ዙፋን ያስቀምጥና ሁለት ሰው ያጣላበታል። አንዱ ጥሩ፣ አንዱ ክፉ። በመጨረሻ ጥሩው ይነግሣል። ያ ሁሉ ድካም እንዲህ ሲባክን በጣም ያሳዝነኛል።

ለእኔ የሥልጣን ታሪክ ዋና ጥያቄ «ሰው ለምን ይታዘዛል?» የሚለው ነው። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ ጸሐፊው፣ ቄሱ ለምን እሺ ይላሉ? እሺ ማለታቸውን የሚተዉትስ መቼ ነው? ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው። «ዱን»ንና «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን ገና ልታነቡ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ፤ የሁለቱንም ሴራ እነካለሁ።

ዙፋኑን ራሱን ሥልጣን አድርጎ ማየት

በጆርጅ አር. አር. ማርቲን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» (1996 እ.ኤ.አ.) ንጉሥ ሮበርት ሲሞት ወዳጁን ኔድ ስታርክን እንደራሴ የሚያደርግ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ትቶ ነው። ሕጉም እውነቱም ከኔድ ጋር ነው። ንግሥት ሰርሴ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ቀዳደደችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የወሰኑት አዳራሹ ውስጥ የቆሙት የከተማው ጠባቂዎች ናቸው። ኔድ የእኔ ናቸው ብሎ ነበር የገባው። እነሱ ግን ቀድመው በገንዘብ ተገዝተዋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ ትልቅ ሀብት ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 እ.ኤ.አ. አጼ ኢዮአስን አስገደሉ፤ ሽማግሌውን ዮሐንስ 2ኛን አነገሡ፤ ቀጥለው የዮሐንስን ልጅ ተክለ ሃይማኖትን። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነ ንጉሥ አልጠፋም። ጦር የሚያዘምተውና ሹመት የሚሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው። አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊማ ከዙፋን እየወረዱ፣ እየተመለሱ ደጋግመው ነግሠዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ያ ሁሉ ጉልበት የነበራቸው መሳፍንት ዙፋኑን ለምን ራሳቸው አልወሰዱትም? ምክንያቱም ዘውዱ የሚገባው ከሰሎሞን ዘር ለተወለደ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አንዱ መስፍን ዘውዱን ልጫን ቢል ሌሎቹ ተባብረው የሚነሱበት ሰበብ ያገኛሉ። ስለዚህ ደካማ ንጉሥ ለሁሉም ይመቻል። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ዘውዱን ራሳቸው ላይ እስኪደፉ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ቆየ። ይህ አንድ ሐሳብ ብቻውን ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ይወጣዋል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ሰዎችን ለዩ። ዘውዱን የጫነው ማን ነው? ጦሩ የሚሰማው ማንን ነው? የጎተራው ቁልፍ ማን እጅ ነው? ሦስቱም አንድ ሰው ከሆኑ የሚታገል አይኖርም።

ጦሩ ምን እንደሚበላ መርሳት

አንድ መቶ ሺህ ፈረሰኛ በሁለት ገጽ በረሃ ሲያቋርጥ አንብቤ አውቃለሁ። ፈረሱ ውሃ አይጠጣም፤ ወታደሩ ስንቅ የለውም፤ ደመወዝም የሚጠይቅ የለም። ይህ የዝርዝር ጉድለት ብቻ አይደለም። ጦር የሚቀልብ ሰው በጦሩ ላይ የሚናገረው አለው፤ እሱን ስትረሱ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከታሪካችሁ አወጣችሁ ማለት ነው።

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» (1965 እ.ኤ.አ.) እስከ ዛሬ የሚነበብበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ስፓይስ የሚባለው ቅመም የሚገኘው አራኪስ በምትባል አንዲት በረሃማ ፕላኔት ላይ ብቻ ነው። የጠፈር መርከብ መሪዎቹ ማኅበር ያለ እሱ መንገድ ማየት አይችልም። ያለ ማኅበሩ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ከፕላኔት ወደ ፕላኔት ማንቀሳቀስ አይችልም። ሁሉም አንዱ የሌላውን ጉሮሮ ይዟል። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ፖል አትረይዲስ በመጨረሻ ቅመሙን አጠፋዋለሁ ብሎ ሲያስፈራራ ማኅበሩ ይንበረከካል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዙፋኑን ለመልቀቅ ይገደዳል። ዛቻው የሚሠራው አንባቢው የገንዘቡን መንገድ ገጽ በገጽ ሲከተል ስለቆየ ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ውስጥም ዘውዱ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የወርቅ ዕዳ አለበት፤ ግማሹ የንግሥት ሰርሴ ቤተሰብ የላኒስተሮች ነው። ኔድ ይህን ሲሰማ ከተማው የማን እንደሆነ መረዳት ነበረበት።

ሁሉን ነገር በጦርነት መቋጨት

በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጠርተዋቸው፣ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ዳር ሰፈሩ። ተፈሪ አልተኮሱም። ግብር ጠሯቸው። ባልቻ ቤተ መንግሥት ሲጋበዙ የተፈሪ ሰዎች ሰፈሩ ድረስ ሄደው ለወታደሩ ገንዘብ እየሰጡ አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ ጦራቸው የለም። ግዛታቸውም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ይህን በፋንታሲ ዓለም እንደምትጽፉት አስቡ። ብዙ ጸሐፊ ካሜራውን ግብሩ ላይ ያደርጋል፤ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ። እኔ ብሆን ሰፈሩን እመርጣለሁ። አንድ ወታደር ውሰዱ። ከአገሩ ከወጣ ሰንብቷል። ጌታውን ይወዳል። ገንዘቡን ያቀረበለት ሰው በትሕትና ነው የሚያናግረው። ጎረቤቱ ድንኳኑን እየነቀለ ነው። የኋለኛው ነገር ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰው ታማኝነቱን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሌላው ሲጥል አይቶ ነው። አንድም ሰይፍ ሳይመዘዝ አንድ ትልቅ ሰው ወደቀ። እንዲህ ያለ ምዕራፍ ከአሥር የጦር ሜዳ ምዕራፍ የበለጠ ያስደነግጣል።

ለአንዱ ወገን ብቻ ምክንያት መስጠት

ባላንጣው ክፉ ስለሆነ ብቻ ዙፋን የሚፈልግ ከሆነ ተከታዮቹ ለምን ይከተሉታል? ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ መኳንንቱ ለልጅ ኢያሱ ታማኝ እንሆናለን ብለው ለምኒልክ የገቡት መሐላ ነበረባቸው። ስለዚህ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው እንዲፈቷቸው አስፈለገ። በሌላ በኩል ንጉሥ ሚካኤል በወሩ ሰገሌ ላይ የተዋጉት ለገዛ ልጃቸው ነው። በየትኛው ወገን ሆናችሁ ብትጽፉት ሌላኛውን ወገን ጭራቅ ማድረግ አይቻልም። በምትፈጥሩት ዓለም ውስጥም መሐላ፣ ዝምድና፣ እምነትና ፍርሃት በሁለቱም በኩል ይኑሩ።

የማይሳሳት ሴረኛ

ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ አማካሪ መጀመሪያ ያስደስታል፣ ቶሎ ግን ይሰለቻል። ደራሲው መልሱን በጆሮው እንደሚነግረው አንባቢ ይገባዋል። በ«ዱን» የፖል ቤተሰብ ጠላት ባሮን ሃርኮነን ብልህ ነው፤ የአትረይዲስን ቤት ከውስጥ በከዳተኛ ይሰብረዋል። ነገር ግን በረሃው ውስጥ የሚኖሩትን ፍሬመኖች ንቋቸዋል፤ ብዛታቸውንም አሳንሶ ገምቷል። ውድቀቱ የመጣው ከንቀቱ ነው። ለሴረኛችሁ አንድ የማያየው ነገር ስጡት፤ እሱም ከጠባዩ የሚመነጭ ይሁን።

ርቀትን፣ ወሬንና አስማትን መዝለል

አጼ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ይፋ አልተደረገም። ወሬ መያዝ ራሱ ሥልጣን ነው። ታሪካችሁ ጠፈር ላይ ከሆነም ይህንኑ ተጠቀሙበት። ከምድር ወደ ማርስ መልእክት ለመድረስ እንደ ፕላኔቶቹ አቀማመጥ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ማርስ ላይ አመፅ ቢነሳ የምድር ትእዛዝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ እዚያ ያለው አዛዥ ብቻውን ይወስናል። አስማትም እንዲሁ ነው። አንድ ጠንቋይ አንድ ጦር ማቃጠል ከቻለ ንጉሡ ለምን ጠንቋዩ አልሆነም? ለዚህ መልስ ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

«እንደሚያውቁት፣ ጃንሆይ...»

ሁለት ሚኒስትሮች ሁለቱም የሚያውቁትን የመቶ ዓመት ታሪክ እየተራረኩ ሦስት ገጽ ይሞላሉ። ይህን ሰርዙት። ቋንቋችን ከማብራሪያ የተሻለ መሣሪያ አለው። ትናንት «እርስዎ» ሲባል የነበረ ሹም ዛሬ በጸሐፊው አንደበት «አንተ» ከተባለ አንባቢው ሰውየው እንደተሻረ ያለ አዋጅ ያውቃል። ማን ተነሥቶ ማን ተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ ጎረሰ፣ ማን ደጅ ሲጠና ዋለ፣ ይህ ሁሉ ያለ አንድ መስመር ገለጻ ይናገራል።

ዘውድ ሲጫን መጽሐፉን መዝጋት

ብዙ ረቂቅ የሚያልቀው በጣም አስደሳች መሆን በሚጀምርበት ቦታ ነው። ኸርበርት «ዱን መሳያ»ን (1969 እ.ኤ.አ.) የጀመረው ፖል ከነገሠ ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ በስሙ በተደረገው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው አልቋል። ነቢይ ብሎ የተከተለው ሰራዊት አሁን እሱንም አይሰማም።

ተፈሪ መኮንንም በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲባሉ ነገሩ አላለቀም። በላያቸው ንግሥት ዘውዲቱ ነበሩ። በጎናቸው ትልቁን ጦር የያዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ እሳቸው እስከሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ያለ እሳቸው ፈቃድ ብዙ ነገር አይሆንም ነበር። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 14 ዓመት አለ፤ ማንን መታገሥ፣ ማንን መሾም፣ ማንን ማራቅ እንዳለባቸው ሲመዝኑ ያለፈ ጊዜ።

እናንተም ጀግናችሁን ካነገሣችሁት ማግስቱን ጻፉልን። ያነገሡት ሰዎች በራፉ ላይ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ቃል የተገባለት ግዛት አለ፤ ለሁለቱ ደግሞ ቃል የተገባላቸው አንድ ግዛት ነው።