ከሌላ ቤት የተረከቡት በቀቀን መናከስ ሲጀምር

ደመና የምንላት ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ሐዋሳ ወደሚገኘው ቤታችን የገባችው አንዲት ጎረቤታችን ኑሯቸውን ወደ ውጭ አገር ባዛወሩበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ወንድ ስለመሰለችን እኝህ እናት የሽቦ ቤቱን ሲያስረክቡኝ፣ «ልጄ፣ ክፉ እንዳይመስልህ፤ ብቻ አመሻሽ ላይ ቡፌው አጠገብ ሲሆን እጅህን አትስደድበት» ብለውኝ ነበር። ምክሩን በቁም ነገር አልያዝኩትም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በጸጥታ ያሳለፈችው ወፍ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር የቀረባትን ሁሉ መንከስ ጀመረች፤ አንድ ቀን ማታም ከቡፌው ታችኛ ክፍል ላወጣት እጄን ስዘረጋ ጠቋሚ ጣቴን እስከ ጥፍሩ ሥር ሰንጥቃ ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር በቀቀን ያለ ምክንያት እንደማይናከስ፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በወፉ ጠባይ ሳይሆን እኛ በምናበራው መብራት፣ በምናቀርበው ምግብ፣ ክፍት በምንተወው ጨለማ ጥግና በእጃችን አነካክ ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ ወፉን ከመውቀስ በፊት ቤቱን መመርመር ይገባል።

ከቤቱም በፊት ግን ጤናው ይቅደም። ሕመም ያለበት በቀቀን ሕመሙን እስኪከብደው ድረስ ይደብቃል፤ የመጀመሪያው ምልክት ሲነኩት መቆጣቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክብደቱ ከቀነሰ፣ ኩሱ ከተለወጠ፣ ላባውን ነፍቶ የሚያንቀላፋ ከሆነ ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ ካዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለ ከተማችን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ ሐኪሙ ከበቀቀን ይልቅ ዶሮ ማከም የለመደ ቢሆን እንኳ አመጋገቡንና የተናከሰባቸውን ቀናት በማስታወሻ ጽፈው ቢያቀርቡለት ሥራውን በእጅጉ ያቀሉለታል። በቀቀኖች ወደ ሰው የሚተላለፍና ሳንባን የሚያጠቃ በሽታ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ አዲስ የመጣን ወፍ ኩስ ሳያርሱ በደረቁ አይጥረጉ፤ እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ። የተነከሰ ቁስል እንዲሁ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል። የእብድ ውሻ በሽታ የአጥቢ እንስሳት በሽታ በመሆኑ ከወፍ ንክሻ አይያዝም፤ ይህን የምጽፈው ጣቴ በተሰነጠቀ ዕለት ቤተሰቤ በሙሉ የተጨነቀው በዚሁ ምክንያት ስለነበረ ነው።

ጤናው ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ምንጮች ፍርሃትና የመራቢያ ሆርሞን ናቸው፤ ሁለቱን ማምታታት ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። የፈራ ወፍ ሰውነቱን አጥብቆ፣ ላባውን ከገላው ጋር አጣብቆ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሚነክሰውም መሸሻ ሲያጣ ነው። ሆርሞን የገፋፋው ወፍ ግን ወደ ፊት ይመጣል። የማጅራቱ ላባ ይቆማል፣ ክንፎቹ ከትከሻው ዝቅ ይላሉ፣ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ የዓይኑ ብሌን በቅጽበት እየጠበበና እየሰፋ ይለዋወጣል። በግራጫ በቀቀን ላይ ይህን ማየት ቀላል ነው፤ የጎለመሰ ወፍ ዓይን ቢጫ ስለሆነ ጥቁሩ ብሌን ሲጠብና ሲሰፋ ከሁለት ሜትር ርቀት እንኳ ይለያል። ከዚህ ሌላ የዋጠውን ምግብ መልሶ አውጥቶ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ዕቃ ማቅረብ፣ ወረቀት እየቦጨቁ ጥግ ውስጥ መከመርና ያንን ጥግ እንደ ዘበኛ መጠበቅ የመራቢያ ስሜት መነሣቱን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ግራጫ በቀቀን ለዚህ የሚደርሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜው ነው፤ ብዙ ወፎችም የመጀመሪያ ባለቤታቸውን የሚያጡት ልክ በዚህ ዕድሜ «ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በሌሎች አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ነገሩን በጸደይ ወራት ከሚረዝመው ቀን ጋር ያያይዙታል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በእኛ ዘንድ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ እዚህ ወፉን የሚቀሰቅሰው በዋናነት የዝናቡ መምጣት፣ የምግቡ መትረፍረፍና እኛው በመብራት የምናስረዝምለት ቀን ነው። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት የሚያድር በቀቀን እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት መብራት ላይ ከቆየ አሥራ ሰባት ሰዓት የሚረዝም ቀን ሰጥተነዋል ማለት ነው። መፍትሔው ወጪ የሌለው ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ሰው በማይመላለስበት ጨለማ ክፍል እንዲያድር ማድረግ። የተለየ ክፍል ከሌለ ክሩ ጥፍሩን የማይዝ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ በሽቦ ቤቱ ላይ ጣል አድርገው በአንድ ወገን ለአየር ክፍት ይተዉ። የሚያድርበት ቦታ ግን ወጥ ቤት መሆን የለበትም፤ የከሰል ጢስ፣ በተለይም የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አልባ ጋዝ በቀቀንን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥግ ነው። በወንዶ ገነት ደን የሚኖረውን፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር ሌላ አገር የማይገኘውን ግንባረ ቢጫ በቀቀን ጨምሮ አብዛኞቹ በቀቀኖች ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት በዛፍ ግንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ለእነሱ ጨለማና ጠባብ ቀዳዳ ማለት ጎጆ ማለት ነው። የቡፌ ታችኛ ክፍል፣ የሶፋ ሥር፣ የቁም ሣጥን መሳቢያ፣ ባዶ ካርቶን፣ ሌላው ቀርቶ በሽቦ ቤቱ ውስጥ «ይሙቀው» ተብሎ የሚሰቀል የጨርቅ ማደሪያ ሁሉ ጎጆ ይሆናሉ። ጎጆ ያለው ወፍ ደግሞ ጎጆውን ይጠብቃል። እኔ የቡፌውን በር በመቀርቀሪያ ዘጋሁት፣ ከሶፋው ሥር ጣውላ አስገባሁ፣ መስታወቱን አነሣሁ፣ የሽቦ ቤቱንም ከነበረበት ጥግ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዛወርኩት። ለውጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ የታየው በሌላ በምንም ሳይሆን በዚህ ነበር።

ስለ ምግብ የሚባለው አጭር ነው። የሱፍ ፍሬና ለውዝ እንደ ልብ የሚያገኝ፣ በዚያ ላይ ሞቅ ያለ ለስላሳ ገንፎ የሚቀርብለት ወፍ «ጥጋብ ሆኗል፤ መውለጃዬ ደርሷል» ብሎ ይረዳል፤ ወላጅ በቀቀን ጫጩቱን የሚመግበውም እንዲሁ ሞቅ ያለ ልዝብ ምግብ ነውና። የቀኑ ምግብ ቀዝቃዛ የተቀቀለ እህል፣ ጎመን፣ ካሮትና ቃሪያ ይሁን፤ ወፎች የበርበሬ ማቃጠል ስለማይሰማቸው የቃሪያውን ፍሬ በደስታ ይለቅማሉ። ለውዙን ለሥልጠና ብቻ ያስቀምጡት፤ የሻገተ ለውዝ መርዛማ ስለሆነ እያንዳንዱን ፍሬ አይተው ይስጡ። በሲዳማ ምድር በየጓሮው የሚገኘውን አቮካዶ ግን ለበቀቀን በፍጹም አይስጡ፤ ልቡን ይጎዳል። ቡናም እንዲሁ ክልክል ነው።

የእጃችን ጉዳይ ብዙዎችን ያስገርማል። በቀቀንን ከማጅራቱ በታች ማሻሸት፣ በተለይ ጀርባውን፣ ከክንፉ ሥርና ከጅራቱ አካባቢ መደባበስ ለወፉ ፍቅር ብቻ ሳይሆን የተጓዳኝነት ጥሪ ነው። ጥሪው ምላሽ ሲያጣ ወይም ሌላ ሰው መካከል ሲገባ ንክሻ ይከተላል። ስለዚህ መዳሰስ ያለበት ራሱና አንገቱ ብቻ ነው፤ ይህንንም ልጆችና እንግዶች ጭምር እንዲያውቁት ማድረግ ያስፈልጋል። ስሜቱ በተነሣበት ሰሞን ትከሻ ላይ አያስቀምጡት፤ ፊትዎ በምንቃሩ አጠገብ ነውና።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው እርሱ ነው። በነከሰ ጊዜ መጮህ ለወፉ እንደ ሽልማት ነው፤ በቀቀን ጫጫታ ይወዳልና። መምታት፣ ውኃ መርጨትና ምንቃሩን መያዝ ደግሞ እጅን የሚፈራ ወፍ ያደርጉታል፤ ያኔ በሆርሞኑ ላይ ፍርሃት ይደረብበታል። የሚሻለው ድምፅ ሳያሰሙ ወፉን ቀስ ብሎ ወደ መቆሚያው አስጠግቶ ማውረድ፣ ጀርባ ሰጥቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መራቅ ነው። ትክክለኛው ሥራ ግን ከንክሻው በፊት ያለው ነው፤ የማጅራቱ ላባ ሲቆም እጅን መመለስ። «ማስጠንቀቂያዬ ተሰማ» ብሎ የሚያምን ወፍ ለመንከስ አይቸኩልም።

እኔ የተጠቀምኩት አንድ ንጹሕ የወይራ መፋቂያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሽቦው ውጭ ሆኜ ጫፉን ከምንቃሯ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሳያታለሁ፤ ጫፉን በምንቃሯ በነካች ቅጽበት «ጎሽ» ብዬ የለውዝ ስባሪ በማንኪያ እሰጣታለሁ። ብትነክሰውም ብትሸሽም አልቆጣም፤ መፋቂያውን ወደ ኋላዬ ደብቄ ትንሽ ቆይቼ እንደገና አሳያታለሁ። አንድ ጊዜ የሚፈጀው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት ከምግብ በፊትና ከሰዓት በኋላ። መፋቂያውን ተከትላ ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው መሄድ ስትጀምር በሩን ከፈትኩት፤ ቀጥሎም መፋቂያውን ተከትላ ወደ አንድ አጭር ዱላ እንድትወጣ አለማመድኳት። እጄን በዱላው ቦታ የተካሁት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ዛሬም የማጅራቷ ላባ በቆመበት ምሽት የማነሣት በዱላው እንጂ በእጄ አይደለም።

እንግዳ በሚመጣበት ቀን፣ በተለይም ቡና በሚፈላበት ጊዜ፣ ወፉን አስቀድመው ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩ። የሚቆላው ቡናና የዕጣኑ ጢስ ለሳንባው አይበጅም፤ ከዚያም በላይ «እስቲ ይናገር» እያለ ጣቱን በሽቦው መካከል የሚያስገባ ሰው አይጠፋም።

ሴት በቀቀን ወንድ ሳይኖር ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እኛም የደመናን ሴትነት ያወቅነው ቡፌው ከመዘጋቱ በፊት ከሰሐኖቹ ኋላ በተገኘ አንድ ነጭ ዕንቁላል ነው። ዕንቁላሉን ወዲያው መውሰድ ሌላ እንድትተካ ያደርጋታል፤ ስለዚህ በሽቦ ቤቱ ወለል ላይ አኑረውላት እስክትሰለቸው ድረስ፣ በግራጫ በቀቀን አንድ ወር ገደማ፣ ይተዉላት። ካልሲየም እንዳያጥራት የተቀቀለ የዶሮ ዕንቁላል ቅርፊት አድቅቀው ይስጧት፤ ካልሲየሙ በሰውነቷ ሥራ ላይ እንዲውልም የማለዳውን ፀሐይ ያለ መስኮት መስታወት ታግኝ፤ መስታወት የሚያስፈልጋትን ጨረር ያስቀርባታል። ጥላ ግን አይለያት፤ በሐይቁ ዳር ሰፈሮች ከሆኑም ጦጣ ስለሚመላለስ ብቻዋን ደጅ አትተዋት። ወለል ላይ ተኩራምታ ላባዋን ነፍታ ካማጠች፣ ጅራቷም ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ዕንቁላሉ ተቀርቅሮባት ሊሆን ይችላልና ሳያድሩ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሮጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የመራቢያው ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት መኖሩ አይቀርም፤ የሚቀንሰው ብርታቱና ርዝመቱ ነው። በዚህ መካከል ተስፋ ቆርጠው ወፉን ወደ ሰማይ አይልቀቁት፤ በሰው እጅ ያደገ በቀቀን ምግቡን ፈልጎ አያገኝም። ግራጫ በቀቀን ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ለሌላ ቤት የሚሰጥበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የዱር ግራጫ በቀቀን ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ስለታገደ፣ የወፉን ሕጋዊ ወረቀት ሲረከቡም ሲያስረክቡም አይርሱ። ከወረቀቱ ጋር ማስታወሻ ደብተሩንም ይስጡ፤ መቼ እንደነከሰ፣ የት እንደነበረ፣ ምን እንደበላ፣ ማን እንደነካው። እኔ በደመና ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩት የጎረቤታችንን ቃል ነው፦ አመሻሽ ላይ ቡፌው አጠገብ ስትሆን እጅ አይሰደድባት።