በመጸው ከልጆች ጋር አንድ የሥዕል ቀን በስድስት ኪሎ ሙዚየም

ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ በሚጠራበት በመጸው ወቅት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቤተሰብ አብሮ ሥዕል ለማየትም ለመሥራትም እጅግ ከሚያመቹት ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ በውስጡ ከቅዱሳት ሥዕላትና ከመስቀሎች እስከ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ድረስ ተሰብስቦ ይገኛል። ግቢው ሰፊና ዛፍ የበዛበት በመሆኑ ልጆች ከውስጥ በእርሳስ ነድፈው የወጡትን ደጅ ተቀምጠው ቀለም ሊቀቡት ይችላሉ። ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ሲያዞሩ የሰነበቱ ልጆችም እጃቸው ገና ስላልቀዘቀዘ ብዙ መለመን አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ምን እንደማይታይ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ብሔራዊ ሙዚየምን ከጠዋት፣ ይህንን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለማዳረስ ሞክሬ ነበር፤ ማታ ልጆቹን ምን እንዳዩ ብጠይቃቸው ሁለቱም ያስታወሱት በቤተ መንግሥቱ ያለውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን መታጠቢያ ቤት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቀን አንድ ሙዚየም፣ ለአንድ ልጅም አንድ ሥዕል እንዲሆን አድርጌያለሁ።

ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ይያዙ፤ በሙዚየም ውስጥ ቀለምና ውኃ ማውጣት ስለማይገባ ለውስጡ ከእርሳስ የበለጠ አያስፈልግም። በመቀጠል ከጠንካራ ካርቶን ባለ ሦስት ክፍል ተከፋች ገበታ፣ ማለትም ሁለት ክንፎቹ እንደ መስኮት የሚከፈቱና የሚዘጉ የሥዕል ሰሌዳ ያዘጋጁ። መካከለኛው ክፍል 16 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ ሁለቱ ክንፎች ግን ቁመታቸው እኩል ሆኖ ስፋታቸው 8፣ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ክንፎቹ ሲዘጉ መሐል ላይ ይገጥማሉ። የተፈጨ ጠመኔ ከነጭ ኮላና ከጥቂት ውኃ ጋር አቅጥነው የሦስቱንም የፊት ገጽ ይቀቡና ሌሊቱን ይደር፤ የጥንቶቹ ሠዓሊዎችም በእንጨቱ ላይ ቀለም ከማሳረፋቸው በፊት ነጭ ልባጥ ይቀቡ ነበር። ጠዋት ሲደርቅ ክንፎቹን በመርፌና በወፍራም ክር ከመካከለኛው ጋር ማያያዝ ነው፤ ፕላስተርም ይበቃል፤ ነገር ግን ክር ያምርበታል።

ቀለሙን ከጓዳ ማግኘት ይቻላል። ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር የተወቀጠ ከሰል፣ ለቀይ ቡናማ ደግሞ ደርቆ የተደቆሰና በሻይ ማጥለያ የተነፋ ቀይ አፈር ይበቃል። ማያያዣው የእንቁላል አስኳል ነው። አስኳሉን ከነጩ ከለዩ በኋላ በሶፍት ላይ ቀስ ብለው ያንከባሉት፤ ላዩ ሲደርቅ ስስ ሽፋኑን በሁለት ጣት ይዘው ከሥሩ በመርፌ ይብሱትና ፈሳሹን ወደ ብርጭቆ ያንጠባጥቡት፤ ሽፋኑ እጅዎ ላይ ይቀራል። አንድ ማንኪያ ውኃ ጨምረው ካማሰሉ በኋላ በየጠርሙስ ክዳኑ ላይ ከዱቄቱ ጋር እኩል በእኩል ማዋሐድ ነው። አስኳል ስለማያድር የዕለቱን በዕለቱ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ እንቁላል ቤቱ እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ የግራር ሙጫ በሙቅ ውኃ አሟሙቶ ሊጠቀም ይችላል፤ እንዲያውም ለትንንሾቹ የሚሻለው ይኸው ነው። እርድ ልብስ ላይ ከተንጠባጠበ በቀላሉ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ ማልበስ አይዘንጋ።

ሙዚየሙ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ፤ ለግቢው በርም መታወቂያ ይያዙ። ከመግባትዎ በፊት ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደሚገኘው ጠመዝማዛ ደረጃ ልጆቹን ይውሰዷቸውና ደረጃዎቹን ያስቆጥሯቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የገነቡት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን አንድ አንድ ዓመት እንዲያመለክት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ በመጨረሻው ደረጃ አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ አንበሳውን ይነድፋል፤ ለእጅ ማፍታቻ ከዚህ የተሻለ የለም።

በውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩ። የሰው ሕይወት ከልጅነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል የተዘረጋበትን ክፍል በእርጋታ እያዩ ይለፉና ጊዜዎን ለቅዱሳት ሥዕላቱ ያቆዩት። እዚያ ሲደርሱ ስለ ዘመንና ስለ ሠዓሊ ገለጻ ከመጀመር ይልቅ አንድ ነገር ብቻ ይንገሯቸው፦ በባህላዊው አሣሣል ደጋጎቹ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲታዩ፣ ክፉዎቹ በአንድ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ባለ አንድ ዓይኖቹን ፍለጋ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይሄዳሉ። በነጭ ፈረስ ላይ ካለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ በብዙ ሥዕሎች ላይ ዛፍ ላይ ወጥታ የምትታየውን፣ ቅዱሱ ከዘንዶ ያዳናትን ብሩታዊትን እንዲፈልጉ ይጠይቋቸው። በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥዕል ይምረጥና ከፊቱ ቁጭ ብሎ ለአሥር ደቂቃ ይንደፍ። «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» ከሚል መልስ በቀር ምንም አያስገኝም፤ «እጁ ወዴት ያመለክታል? ልብሱ ላይ ስንት ቀለም አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ዓይንን ይመልሳል።

ደጅ ሲወጡ ቆሎና ዳቦው ይቅደም። ከዚያ ሥራው በሐረግ ይጀመራል፤ ሐረግ በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚታየው የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ሹሩባ ተሠርታ የምታውቅ ልጅ ምሥጢሩን ወዲያው ትረዳዋለች። በመካከለኛው ክፍል ጠርዝ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ የማዕበል መስመር ይሣል፤ ሁለተኛው በተቃራኒው እየወጣና እየወረደ ያቋርጠው። ሁለቱንም መስመሮች ጥንድ በማድረግ ካወፈሩ በኋላ በመጀመሪያው መገናኛ አንዱን ከላይ፣ በሚቀጥለው ሌላውን ከላይ እያፈራረቁ ከሥር የሚያልፈውን መስመር በላጲስ ማጥፋት ነው። ልጆች የሚሳሳቱት ሦስተኛው መገናኛ ላይ ስለሆነ እዚያ ሲደርሱ አጠገባቸው ይሁኑ።

በተከፋቹ ላይ ቅዱሳንን ማሣል የማይመቸው ወላጅ አይጠፋም፤ እኔም በበኩሌ ልጆች የራሳቸውን ቤተሰብ ቢሥሉ እመርጣለሁ። አያት በመሐል፣ እኅትና ወንድም በክንፎቹ ላይ ይሆናሉ። ከልጆቼ አንዷ ታናሽ ወንድሟን በአንድ ዓይን ስለሣለችው ሁለቱን ለማስታረቅ ከሥዕሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶብናል።

ቀለሙ ስስ ስስ ተደርጎ በሁለትና በሦስት ዙር ይቀባ፤ ወፍራም ሲሆን ይሰነጠቃል። አስኳል ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ስለሚያጣብቅ ገበታው ክንፎቹ እንደተዘረጉ ወደ ቤት ይወሰድ፤ እስከ ማግስቱም አይዘጋ። ሲሰቀልም የእርዱ ቢጫ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ከመስኮት ራቅ ይበል።